ደጅ የጠናችው ጃርት

ስሙኝማ፣ ጆሯችሁን ወዲህ አምጡ። ድሮ፣ መሬት ሲያናግሯት በምትመልስበት ዘመን፣ አንዲት ጃርት ከአንድያ ልጇ ጋር ከገደል ሥር ትኖር ነበር።

እመት ጃርት መቆፈር ታውቃለች። ሥር ምሳ፣ ቅጠል በጥሳ መድኃኒት መለየት ታውቃለች። ከጀርባዋ እሾህ ነቅላ፣ እሱን ወስፌ አድርጋ ስፌት መስፋትም ታውቃለች። ይህ ሁሉ ግን ክብር አላመጣላትም። በዚያ አገር አውሬው በየሙያው ማኅበር ነበረው። የቆፋሪዎች አለቃ አያ ከርከሮ፣ የመድኃኒተኞች አለቃ አያ ዝንጀሮ፣ የሰፊዎች አለቃ እመት ሸማኔ ወፍ ነበሩ። ማኅበር ያልገባ እንዳይሠራ ተከልክሏል። ጃርትን ደግሞ ሦስቱም አልተቀበሏትም። «ሁሉን የነካካ አንዱንም አይዝ» ይሏት ነበር።

አንድ ዘመን ዝናብ ቀረ። ወንዙ ደረቀ። ከርከሮዎች ቆፈሩ፣ ቆፈሩ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ አገኙ። ውሃው ግን መራራ ነበር፤ ወርዶ የቀመሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ወደቀ። የጃርት ልጅም በውሃ ጥም ከተኛችበት መነሳት አቃታት።

ጃርት ወደ አያ ከርከሮ ሄደች።

«አያ ከርከሮ፣ መራራ ውሃ የሚያጣፍጥ ሥር ከወንዙ ዳር አለ። ልቆፍር ፍቀድልኝ።»

«ሥር የመድኃኒተኛ ነገር ነው። ከእኛ ጋር መቆፈር ካሻሽ ሌላውን ሙያሽን ተዪ።»

«ሌላውን ከተውኩማ ልጄን በምን አድናታለሁ?»

አያ ከርከሮ ቁፋሮውን ቀጠለ። ጃርት ተመለሰች።

«እማ፣ ምን አሉሽ?» አለች ልጅቱ።

«ቆይ አሉኝ፣ ልጄ።»

ወደ አያ ዝንጀሮ ሄደች።

«ሥሩንማ አውቀዋለሁ» አለ አያ ዝንጀሮ። «አንቺ ግን እጅሽ አፈር ነው። ታጥበሽ ነዪ።»

«በምን ውሃ ልታጠብ?»

አያ ዝንጀሮ ፊቱን አዞረ። ጃርት ተመለሰች።

«እማ» አለች ልጅቱ። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ወደ እመት ሸማኔ ወፍ ሄደች።

«እመት ሸማኔ፣ ሣር ስጪኝ። ውሃ መቅጃ ልስፋ።»

«የእኛ ስፌት ለጌጥ ነው። ውሃ የሚቀዳ ስፌት አናውቅም።»

ጃርት ተመለሰች። ልጇን ጠራቻት። ደግማ ጠራቻት። ልጅቱ አልመለሰችም።

ያን ቀን ጃርት ማንንም ሳትጠይቅ ቆፈረች። መጀመሪያ የቆፈረችው የልጇን መቃብር ነበር።

መሬት ከሥሯ ተናገረች። «እመት ጃርት፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ደጅ ስጠና።»

«እኔ እኮ ደጄ ላይ ዘበኛ አላቆምኩም» አለች መሬት።

ጃርት ያንን ሰምታ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ወደ ወንዙ ዳር ወረደች። ሥሩን ቆፍራ አወጣች፣ ወቅጣ ከመራራው ውሃ ጨመረች። ከጀርባዋ እሾህ ነቀለች፣ ደረቅ ሣር አጥብቃ ሰፋች፣ እንዳያፈስ ሰም ቀባችው፣ በሐረግ አስራ ወደ ጉድጓዱ አወረደችው። ውሃው ጣፍጦ ወጣ። የአውሬው ሁሉ ልጅ እየጠጣ ተነሳ፤ የከርከሮም፣ የዝንጀሮም፣ የወፏም።

ያን ጊዜ አለቆቹ ተሻሙባት።

«ቆፋሪ ናትና የእኛ ናት» አለ ከርከሮ።

«መድኃኒቱ የእኛ ነው» አለ ዝንጀሮ።

«መቅጃውስ?» አለች ወፏ።

ጃርት ቀና ብላ አየቻቸው። «ልጄ ስትጠማ የማናችሁም አልነበርኩም» አለቻቸው። መቅጃውን ከጉድጓዱ አፍ ትታላቸው፣ ማንም ወደማይጠብቃት ጎሬዋ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ባገሩ ሥራ የሚከለክል ማኅበር ፈረሰ። ጃርት ግን እስከ ዛሬ ብቻዋን ትሄዳለች።

እናንተም ሙያችሁ ብዙ ከሆነ አንዱን ጥላችሁ ሌላውን አትለምኑ፤ አዋህዳችሁ ሥሩበት። ደጅ ሲጠና የዋለ ሙያ ለቀብር ይደርሳል።