የአጥሩ ምስክር

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ሆሄም እሳሳታለሁ። ትምህርቴም ስምንተኛ ክፍልን እንደ ምንም ጨርሼ እዚያው ላይ ነው የቆመው። ሰው ፊት ማውራት ስለማልችል፣ አያቴ ማታ ማታ የምትነግረንን ተረት በራሷ አነጋገር ጽፌዋለሁ። ፊደሉ አልነበብ ካላችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተረቱ ግን የእሷ ነው።

፦ «ተረት ተረት!»

፦ «የቤት መሠረት!»

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ፣ እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ልቀቅላት። እህ፣ እንዲህ ነው።

በድሮ ዘመን በአንድ ገደል አፋፍ ላይ ሁለት ቤቶች ነበሩ። በመካከላቸው አንድ አጥር ነበር። ከአጥሩ ወዲህ አንጓች የምትባል ሴት ከባሏ ከደምሌ ጋር ትኖር ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ሽታዬ የምትባል ሴት ከባሏ ከቢሻው ጋር ትኖር ነበር። ቢሻው ኮርቻ ሰፊ ነበር። ደምሌ ገበሬ ነበር። ደምሌ ደጃፉን ከመውደዱ የተነሣ፣ ገበያ ደርሶ እንኳ ሲመለስ «ተመስገን፣ አገሬ ገባሁ» ይል ነበር።

ሁለቱ ሴቶች በአንድ ዓመት ተድረው ነው ወደዚያ መንደር የመጡት። አብረው ውሃ ይወርዱ ነበር። አብረው ምስር ይለቅሙ ነበር። አጥሩም ላይ ጭንቅላት የምታሳልፍ ቀዳዳ ነበረች። በዚያች ቀዳዳ እሳት ይቀባበላሉ፣ ጨው ይበዳደራሉ፣ ባሎቻቸውንም ያማሉ።

አንጓች ግን አንድ ነገር ነበረባት። ምን ነበረባት? ቅናት። የሽታዬ ነጠላ ታጥቦ ሲሰጣ፣ ከእሷ ነጠላ የበለጠ የነጣ ይመስላታል። የሽታዬ ዶሮ እንቁላል ስትጥል፣ የእሷ ዶሮ የሰነፈች ይመስላታል። ሽታዬ ከት ብላ ስትስቅማ አንጓች ሥራዋን ትታ ትቆማለች። «አሁን ምን ያስቃታል? እኔ ያላየሁት ምን አየች?» ትላለች በልቧ። ለማንም ግን አትናገርም። ዓይን አፋር ነበረች። ቅናቷን እንደ ቋንጣ ውስጧ ሰቅላ ታደርቀው ነበር።

አንድ ቀን ሽታዬ እየሮጠች መጣችና ጭንቅላቷን በቀዳዳው አስገባች።

፦ «አንጓች! አንጓችዬ! የት ነሽ?»

፦ «እዚሁ ነኝ። የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?»

፦ «ልንሄድ ነው እኮ! ሰባት በር ልንገባ ነው! እዚያ በቅሎ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ኮርቻ የሚያሰፋ አይጠፋም ይላል ቢሻው። ቤትም አይተናል። የድንጋይ ቤት ነው፤ ደጁ ላይ ደረጃ አለው።»

ሰባት በር ማለት ከወንዙ ማዶ ያለች ትልቅ ከተማ ናት።

፦ «ደረጃው ሰፊ ነው?» አለች አንጓች ሳታስበው።

፦ «ሰፊ ነው! እንዴት አወቅሽ?»

፦ «ምኑን አውቃለሁ። እንዲያው አፌ አመጣው።»

፦ «ውይ! አንቺ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ? ምስር ስንለቅም! ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ ስለተያያዘ አንዷ በርበሬ ስትወቅጥ ሌላዋ ታስነጥሳለች ብለሽ ያሳቅሽኝ! ማታ ማታ ሴቶቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ ያልሽኝ! እኔም ለቢሻው ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ እኮ ነው ልቡ የሸፈተው።»

፦ «አላስታውስም» አለች አንጓች።

ታስታውስ ነበር። ቃል በቃል ታስታውስ ነበር።

ከዚያም ሽታዬና ቢሻው መሰናዳት ጀመሩ። ላማቸውን ሸጡ። እህላቸውን በስልቻ ሞሉ። ሽታዬ የምድጃዋን ጉልቻ ሳይቀር አውጥታ አጠበችና ፀሐይ ላይ ደረደረችው። አንጓች በቀዳዳው አየቻት።

፦ «ድንጋይ ደግሞ ለምን ትጭኛለሽ? ከተማው ድንጋይ የለውም?»

፦ «ይህ እጄን ያውቃል።»

፦ «ለአህያዋስ ማን ይዘንላት!»

ሽታዬ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያም ትልቁን ጋኗን እያንከባለለች አመጣች።

፦ «ይህን ደግሞ አንቺ ውሰጂው። መንገድ ላይ ይሰበርብኛል።»

አንጓች ጋኑን ተቀበለች። አንጀቷ ግን አረረ። ማታ ደምሌ ከእርሻ ሲገባ ጋኑ ፊት ለፊት ቆማ ጠበቀችው።

፦ «አየህ? ጋን ሰጠችኝ።»

፦ «ጥሩ አደረገች። የእኛው ተሰንጥቆ የለ።»

፦ «ጥሩ አደረገች ይላል! መሸከም ያቃታትን ነው እኮ የሰጠችኝ!»

፦ «እንግዲያስ መልሺላት።»

፦ «አልመልስም!»

ደምሌ ግራ ገባውና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። አንጓችም አጠገቡ ተቀመጠች። አንድ ነገር ልትጠይቀው ፈለገች። ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ ደምሌ እግሩን ዘረጋና፦ «ሰው እንዲህ ካለ ደጃፍ ተነሥቶ ምን ፍለጋ ይሄዳል?» አለ። እሷም የያዘችውን ዋጠችው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ቤቱን ሊገዛ የሄደው ቢሻው ከሰባት በር ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ።

፦ «ምነው? ምን ሆንክ?» አለችው ሽታዬ።

፦ «ቤቱን እንዲሁ አንሸጥልህም አሉኝ። የአጥር ምስክር አምጣ አሉኝ።»

የሰባት በር ሰዎች እንዲህ ያለ ልማድ ነበራቸው። ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ስለሆነ፣ ክፉ ጎረቤት አንዴ ከገባባቸው መገላገያ የላቸውም። ስለዚህ ለእንግዳ ሰው ቤት የሚሸጡት፣ በአገሩ አጥር የተጋራው ሰው መጥቶ ከመሰከረለት ብቻ ነው። ዘመድ አይመሰክርም። ወዳጅ አይመሰክርም። አጥር የተጋራ ብቻ። ምስክሩም ከዚያው አጥር አንድ እንጨት ነቅሎ ይመጣል። እንጨቱን ጨብጦ የዋሸ ሰው አጥሩ በላዩ ይፈርስበታል ይባል ነበር።

የሽታዬ ቤት በወዲያ በኩል ገደል ነው። ገደል አይመሰክር! በወዲህ በኩል ያለችው አንጓች ብቻ ናት።

ሽታዬ በቀዳዳው ብቅ አለች። የዚያን ቀን አልሳቀችም።

፦ «አንጓችዬ፣ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። ያለ አንቺ ቤቱን አናገኘውም። አንድ የማር ነጋዴም አሰፍስፎ ቆሟል። እኛ ከቀረን እሱ ይገዛዋል፤ እኛም እዚሁ ቀረን ማለት ነው።»

አንጓች የአጥሩን እንጨት ያዝ አደረገች። «አሃ! ነገሩ በእኔ እጅ ገባ!» አለች በልቧ።

፦ «እሄዳለሁ» አለች በአፏ።

ሽታዬም በቀዳዳው እጇን አሾልካ ጉንጯን ዳበሰቻት። አንጓች ፊቷን አዞረች።

ከዚያም ከአጥሩ አንድ የወይራ እንጨት ነቀለችና መንገድ ጀመሩ። ቢሻው አህያዋን እየነዳ ከፊት። ሽታዬ እያንጎራጎረች ከመሐል። አንጓች እንጨቷን ይዛ ከኋላ። ከኋላ ሆና ምን ታደርጋለች? ክፉ ቃል ትለቅማለች። «ሳትጣራ ትገባለች እላለሁ። ተበዳሪ ናት እላለሁ። ዶሮዎቿን አልነግራቸውም? እነግራቸዋለሁ!» እያለች ትሄዳለች።

ምን አልሽ አንቺ? ክፉ ናት ነው ያልሽው? ቆይ እስቲ፣ አትቸኩዪ። እህትሽ አዲስ ጫማ የተገዛላት ዕለት እራትሽን ማን ነበር አልበላም ያለው? እህ! በይ ስሚ።

ከተማዋ ደረሱ። ቤቱንም አዩት። ግድግዳው ድንጋይ ነው። ደጁ ላይ ሰፊ ደረጃ አለው። አንጓች እግሯ ደክሟት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ድንጋዩ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ይሞቅ ነበር። ከወዲያኛው ቤት በርበሬ የሚወቅጥ ሙቀጫ ይሰማል። እሷም አስነጠሳት።

ያን ጊዜ ልቧ ስንጥቅ አለ። ልጅ ሳለች አንድ የጨው ነጋዴ አባቷ ቤት አድሮ ነበር። እሳት ዳር ተቀምጦ ያወራው ሁሉ ይኸው ነበር። ደረጃው፣ ሙቀቱ፣ በርበሬው፣ ምንም አልጎደለም። «ይህ ሁሉ ለሽታዬ?» አለች። እንጨቱን ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

የሰፈሩ ሰዎች ደጁ ላይ ተሰበሰቡ። ጥያቄውን የሚጠይቁት እመት ብርቄ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ግድግዳውን ከገዢው ጋር የሚጋሩት እሳቸው ናቸውና። ጭራቸውን ይዘው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የማር ነጋዴውም ጥግ ይዞ ቆሟል።

፦ «ስምሽ ማን ነው ልጄ?»

፦ «አንጓች።»

፦ «ድምፅሽን አውጪው፤ ጆሮዬ ደክሟል። እንጨቱንም ጠበቅ አድርጊው። ይህቺ ሴት ምን ዓይነት ጎረቤት ናት?»

፦ «መጥፎ ናት!»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሽታዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የማር ነጋዴው ፈገግ አለ።

፦ «እሺ። መጥፎነቷን ንገሪን።»

፦ «ሳትጣራ ሰው ቤት ትገባለች! አንድ ጊዜ ታምሜ ተኝቻለሁ። ደምሌ እርሻ ሄዷል። ማን ጠራት? ዘው ብላ ገባች። አጥሚት ሠርታ እየተቆጣች አጠጣችኝ። ከዚያ ደግሞ እስክድን አልወጣም አለች።»

፦ «እህህ» አሉ እመት ብርቄ። «ሌላስ?»

፦ «ትበደራለች። ጨው ትበደራለች፣ ጌሾ ትበደራለች።»

፦ «አትመልስም?»

፦ «መመለሱንስ ትመልሳለች። ግን ከሰጠኋት አብልጣ ነው! በእፍኝ ስሰጣት በቁና ታመጣለች። ሰው ታሳፍራለች እኮ!»

የማር ነጋዴው ፈገግታውን ሰበሰበ።

፦ «ሌላስ?»

፦ «ዶሮዎቿ ጎመኔን ይጭሩታል!»

፦ «ይህስ መጥፎ ነው።»

፦ «አዎ! ከዚያ እሷ ከራሷ ጓሮ ነቅላ፣ ሳላያት ገብታ ትተክልልኛለች። ጠዋት ስነሣ ጎመኔ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ልጣላት አፌን ስከፍት ምክንያት ታሳጣኛለች!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽታዬም በነጠላዋ ሥር ሳቀች። አንጓች ግን አልሳቀችም። እንጨቱ በእጇ ላብ ረጥቧል። ያን ሁሉ መንገድ ክፉ ቃል ስትለቅም መጥታ፣ አፏ ሲከፈት የሚወጣው ሌላ ሆነባት። ውሸት እንዳትጨምርበት ደግሞ እንጨቱ አለ።

እመት ብርቄ ጭራቸውን አስቀመጡና፦ «እንግዲህ አንዲት ጥያቄ ቀርታለች። ምስክርን ሁሉ የምንጠይቃት ናት» አሉ። «ይህቺ ሴት ነገም ጎረቤትሽ ትሁን ቢሉሽ ትወጃለሽ? አልወድም ካልሽ፣ ቤቱን አንሸጥላትም፤ ይዘሻት ወደ አገራችሁ ትመለሻለሽ። እወዳለሁ ካልሽ፣ ቤቱ የእሷ ነው።»

አንጓች ክው አለች። አያችሁ ነገሩን? አልወድም ብትል፣ ሽታዬ ነገም ጎረቤቷ ናት። ቀዳዳዋም፣ ሳቁም፣ ዶሮዎቹም ይቀጥላሉ። እወዳለሁ ብትል፣ የምትወዳትን እዚህ ትታ ብቻዋን ትመለሳለች። ሽታዬን ማስቀረት የሚቻለው እጠላታለሁ ብሎ ነው። ያውም ደረጃው ለሽታዬ ሳይሆን ይቀራል። ቅናቷም፣ ናፍቆቷም በአንድ አፍ «አልወድም በይ» አሏት።

አንጓች ሽታዬን አየቻት። ሽታዬ በቀዳዳው አሾልካ ጉንጯን በዳበሰችበት እጇ ነጠላዋን ጨምድዳ ይዛለች።

፦ «እወዳለሁ» አለች አንጓች።

፦ «አልሰማሁም!»

፦ «እወዳለሁ! ከእሷ ሌላ ጎረቤት አልፈልግም!»

ከጩኸቷ የተነሣ ከቤቱ ክዳን ላይ ርግቦች ተነሡ። የሰፈሩ ሴቶችም እልል አሉ። እመት ብርቄ የበሩን መቀርቀሪያ አንሥተው በሽታዬ እጅ ላይ አኖሩላት። የማር ነጋዴውም ኮቱን፣ ኧረ ጋቢውን አራግፎ ሄደ፤ በዚያ ዘመን ኮት የት አለና።

ሰዉ ሲበተን ፀሐይ አዘቀዘቀች። ቢሻው አህያዋን ውሃ ሊያጠጣ ወረደ። ሽታዬ መቀርቀሪያዋን እንዳቀፈች ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አንጓችን ጠራቻት።

፦ «ነይ ተቀመጪ። ስትጀምሪ እኮ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። ቤቴን ልታስቀሪብኝ ነው የመጣሽው?»

፦ «አዎ።»

፦ «ለምን? ምን በደልኩሽ?»

አንጓች እንጨቷን እያገላበጠች ታየዋለች።

፦ «ይህን እንጨት አሁን የት ነው መልሼ የምሰካው?» አለች። «በወዲያ በኩል ሰው የሌለበትን አጥር ምን ያደርጉታል?»

ሽታዬ ጠጋ አለችላት። በደረጃው ላይ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተገኘ። አንጓች ተቀመጠች። ድንጋዩ አሁንም ይሞቅ ነበር። ዓይኗን ሽታዬ ላይ ሳትጥል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

፦ «ምንም አልበደልሽኝም። ይህቺን ደረጃ ከአንቺ በፊት የፈለግኋት እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ቤት ያደረ የጨው ነጋዴ ካወራበት ቀን ጀምሮ፣ ወፍጮ ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር እዚህ ተቀምጬ ራሴን አያለሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለደምሌ አልነገርኩትም፤ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ለአንቺም እንደ ወሬ ነገርኩሽ እንጂ እንደ ምኞት አልነገርኩሽም። አንቺ ግን ሰማሽና ተነሣሽ። እኔም መምጣት እፈልግ ነበር፣ ሽታዬ። እኔም መምጣት እፈልጋለሁ።»

ከዚያስ አላችሁ? ከዚያማ ተናገረችው። ተረቱ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ተረቴን ቤታችሁ አስገቡ፣ እኔንም በትኩስ ቂጣ አጥግቡ።