ከዐስር ሶላት በኋላ ያለችው ሰዓት

ግንቧ በከፊል የፈረሰ አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሐጂ አብዱሰቡር የሚባሉ ቅመም ሻጭ ይኖሩ ነበር። ሚዛናቸው የታመነ፣ ንግግራቸው ቁጥብ። አርባ ዓመት ሲጋራ አጭሰዋል። በረመዷን አቆሙ። ዒድ አለፈ፤ ማንም ሲያጨሱ አላያቸውም።

ይህን አዛን የሚጠራው ሙአዚኑ ተማም ከማንም በላይ ያውቃል። ይከታተላቸው ነበርና። ከንፈራቸውን፣ ጣታቸውን፣ ኪሳቸውን በዓይኑ ይበረብራል።

እሱም ሞክሯል። ቀኑን ሙሉ ሲጾም ሱሱ የለቀቀው ይመስለዋል፤ መግሪብ ላይ ግን በቴምር ፈንታ በሲጋራ ያፈጥራል። ድምፁ ሻከረ። «ሐይየ ዐለል ፈላሕ» ላይ ሲደርስ ሳል ያቋርጠዋል። ሃያ ዓመት የጠራው አዛን ከእጁ ሊወጣ እንደሆነ ይሰማዋል።

ሰዉ ደግሞ ሱሱን መተዋቸውን «የሐጂ ከራማ ነው» ይላል። ዱዓ ያድርጉበት እያለ ውሃ ያመላልስላቸዋል። አንድ ቀን የተማም ሚስት ረውዳ ጠርሙስ ፊቱ አስቀመጠች።

«ምንድን ነው?»

«ሐጂ ዱዓ ያደረጉበት ነው። ጠጣው።»

«የእኔ ዱዓ ምን ሆነ?»

«ያንተንማ ሳሉ መች ያስጨርስሃል!»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ውሃውን ደጅ አውጥቶ ደፋው። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሚስቱ አፍ እንኳ የዚያ ሰው ስም!

ጁሙዓ ከሶላት በኋላ የመስጊዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ተነሣ። «ያ ጀማዓ፣ አዛኑን ሐጂ ቢይዙልንስ? ሱሱን አሸንፈዋል። ድምፃቸውም ጠርቷል።»

ብዙ ራስ በይሁንታ ተነቀነቀ። ተማም ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተከለ።

ሐጂ ተነሡ። «ወላሂ፣ ማክሰኞ አጭሻለሁ።»

ተማም ከምንጣፉ ቀና አለ። ሐጂ ቀጠሉ።

«ሱቄ ውስጥ፣ ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ። ሁለት ሲጋራ።»

የተማም ልብ በደስታ ዘለለ። ወዲያው በደስታው አፈረ። «አስተግፊሩላህ» አለ በሆዱ።

«ሐጂ፣ አላህ የሸፈነልዎን ለምን ይገልጡታል?» አለ ሰብሳቢው።

«የራሴ ጉድ ብቻ ቢሆን እሸፍነው ነበር። ሽፋኑ ግን የተማምን አዛን ሊወስድበት ነው።» ወደ ጀማዓው ዞሩ። «ውሃ ስታመጡ ዱዓ አደረግኩ፤ ዱዓ መልካም ነው። ትንፋሼ ያድናል ስትሉ ግን ዝም አልኩ። ዝምታዬ ውሸት ነበር። እኔ ጤና ጣቢያ ነው የሄድኩት። ነርሷ የሚታኘክ መድኃኒት ሰጠችኝ። ‹አምሮቱ ሲመጣ ሩብ ሰዓት አዘግየው፤ ያልፋል› አለችኝ። ሦስት ጊዜ ወደቅኩ፤ ሦስቴም ተመለስኩባት። አንድ ቀንም አልተቆጣችኝም።»

ከዚያ ተማምን አዩት። «ሙአዚን፣ አንተን የሚያስቸግርህ መቼ ነው?»

«ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ» አለ ተማም።

«እኔንም። ሰዓቷን ብቻዬን አልችላትም። ሱቄ ና፣ አብረን እንቀመጥ።»

«ሐጂ… እኔ እኮ ስመቀኝዎት ነው የከረምኩት።»

«አውቃለሁ። ዓይንህ ጀርባዬን ሲበላኝ ነበር» አሉና ፈገግ አሉ። «እሱኑ ዓይንህን ይዘህ ና። እንዳንተ አድርጎ የሚጠብቀኝ የለም።»

አዛኑ ከተማም ጋር ቀረ። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ከዐስር በኋላ ሐጂ ሱቅ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያም ወድቆ ያውቃል። በወደቀ ቀንም ግን ከሱቁ አልቀረም።

ዑለማዎች ሁለት ቅናት አለ ይላሉ። ሐሰድ የወንድምህ ኒዕማ፣ የተሰጠው ጸጋ፣ እንዲጠፋ መመኘት ነው። ጊብጣ ግን የእሱ ሳይጠፋ ላንተም እንዲደርስህ መመኘት። ሐጂ የተማምን ሐሰድ አልገሠጹትም፤ ሥራ ሰጡት። እኛም ሱስ የያዘውን ወንድማችንን ወደ ፍጹም ሰው እያመለከትን «እሱን እይ» እንለዋለን። ያያል፤ ይቀናል፤ ተስፋ ይቆርጣል። ማክሰኞ ወድቆ ረቡዕ የተነሣ ጎረቤት አጠገቡ ቢቀመጥ ይሻለዋል።