የምትኬ ሳል

በቀይ ገደል መንደር ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽም፣ ጎረምሳ ሲያኮርፍም፣ ሚስት ወጡን ስታሳርርም፣ አንዱ ብድግ ብሎ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። ሰሚው ሁሉ ይስቅላታል፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የመጣችው ለጥቂት ከመቆረጥ ከተረፈ የጥጃ ጉሮሮ ነው።

የጥጃዋ ባለቤት ይርገዱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያለቻት አንዲት ላም በወለደች በሦስተኛው ቀን ሞተችባትና ጥጃዋን "ምትኬ" ብላ ጠራቻት። ስሙ ለጌጥ አልወጣም። ምትኬ አድጋ ካልወለደች የይርገዱ በረት ባዶ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ወተት እየተቀበለች፣ በቢራ ጠርሙስ አፍ ላይ የላስቲክ ጡት ሰክታ፣ በጡጦ ታሳድጋት ጀመር።

አጠባቧ የራሱ ወግ ነበረው። በርከክ ብላ ጡጦውን የላሟ ጡት ይሆን በነበረበት ከፍታ ዝቅ አድርጋ ትይዝና "አቡነ ዘበሰማያት" ማለት ትጀምራለች። ሰዓት የላትም። አንድ ጡጦ የሚያልቀው ጸሎቱን ሰባት ጊዜ ስትደግም ነው። በስድስት ካለቀ ምትኬ ርቧት ውላለች፤ ስምንት ከደረሰ ደግሞ አንድ ነገር አልተመቻትም። ጎረቤቶቿ "ይቺ ሴትዮ ጥጃዋን ልታቆርባት ነው እንዴ?" እያሉ ይስቁባት ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ ታላቅ ወንድሟ ላቀው ከአዲስ አበባ ሊጠይቃት መጣ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በጡረታ የወጣ፣ ደግ፣ ግን ትዕግሥት ጨርሶ ያልፈጠረበት ሰው ነው።

"አንቺ ማርያም ሄደሽ ሱባኤሽን ያዢ፤ ጥጃዋን ለእኔ ተያት" አላት።

"ጋሼ፣ ቀስ ማለት ትፈልጋለች እኮ።"

"ስንት ሺህ ሰው አሳፍሬ በሰላም አውርጃለሁ፤ አንዲት ጥጃ ታቅተኛለች?"

ይርገዱ ደስ ብሏት ጓዟን ይዛ ሄደች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጎጆ ይዛ ሰነበተች። በስምንተኛው ቀን ልብስ ልትቀይር ብቅ ስትል ምትኬን ማወቅ አቃታት። ጎኗ ገብቷል፣ ጭራዋ በተቅማጥ ተጨማልቋል። ላቀው አጥብቷት ገና መነሳቱ ነበርና ጥጃዋ አንገቷን ዘርግታ ትስላለች፤ ወተቱም በአፍንጫዋ ይወርዳል።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ። ብዙዎቹ የተስማሙት ግን እንጥሏ ወርዷል በሚለው ነው፤ እናቷን ያልጠባች ጥጃ እንጥሏ ይወርዳል ብለው ያምናሉና። የሰውም የከብትም እንጥል በመቁረጥ የታወቁት አዛውንት፣ አያ ሽብሩ፣ ካራቸውን ይዘው በማግስቱ እንዲመጡ ተላከባቸው።

ይርገዱ ወደ ሱባኤዋ አልተመለሰችም። ጉሮሮው ተቆርጦ የሞተ ጥጃ አይታ ታውቃለችና ፈራች። ከፍርሃቷ ይልቅ ግን አንድ ነገር ከነከናት። ምትኬ ተኝታ ስታመሰኳ አትስልም። ከባልዲ አጎንብሳ ውሃ ስትጠጣም አልሳለችም። ታዲያ ይህ የወረደ እንጥል ወተትን ከውሃ የሚለየው እንዴት ነው?

አያ ሽብሩ መጥተው ካራቸውን ድንጋይ ላይ ሲስሉ ይህንኑ ጠየቀቻቸው።

"ልጄ፣ እንጥል ቀጠሮ አይሰጥም" አሏት።

"እሺ አባቴ፣ አንድ ጡጦ ብቻ ላጥባት። ከዚያ በኋላ እርስዎ እንዳሉ።"

በርከክ አለች። "አቡነ ዘበሰማያት" ብላ ጀመረች። አንዱን ጨረሰች። ሁለተኛውን ይዛ "ሲሳየነ" ላይ ስትደርስ ጡጦው ባዶ ሆነ፤ ምትኬም በሳል ታፈነች። ይርገዱ ባዶውን ጠርሙስ እያየች ቀረች። ሰባቱ የት ሄደ?

ወተት ጨምራ ጡጦውን ዘቀዘቀችው። ድሮ ጠብ ጠብ ይል የነበረው ዥው ብሎ ወረደ። የላስቲኩን ጫፍ ወደ ብርሃን አስጠግታ ስታየው ቀዳዳው የስንዴ ፍሬ ያሾልካል፤ ዳሩም በእሳት ጠቁሯል።

"የስፌት ወስፌዬን እሳት ውስጥ የከተተው ማን ነው?"

"እኔ ነኛ!" አለ ላቀው፣ ምስጋና እየጠበቀ። "ይሄ ጡጦሽ ስስታም ነው። ልጅቷ ስትታገል አንጀቴን በላችኝ፣ አሰፋሁላት።"

"ስታጠባትስ እንዴት አድርገህ ነው የምትይዛት?"

"አንገቷን ቀና አድርጌ ነዋ፣ እንደ ሰው! ምን ታቀረቅራለች?"

"በአንዴ ስንት ጡጦ?"

"ሁለት። አንድ ጉርሻ ያጣላል አይባልም? በስተርጅና ከጥጃ ጋር ልጣላ?"

ይርገዱ ጡጦውን አፍንጫው ሥር አቀረበችለት። "ጋሼ፣ በፍቅር ልትገድላት ነበር እኮ! ከምትውጠው በላይ ይወርድባታል፤ አንገቷ ሽቅብ ተይዞ ወደ ሳንባዋ ነው የሚገባው። የተረፈው ደግሞ ሆዷን አልፎ በተቅማጥ ይወጣል።"

ላቀው ኮቱን አንስቶ ከተማ ወረደ፤ አዲስ የላስቲክ ጡትና የእንስሳት ሐኪም ይዞ ተመለሰ። ሐኪሙ ሳንባዋን አዳምጦ አምስት ቀን መርፌ ወጋት፤ ለተቅማጡ በስኳርና በጨው የተበጠበጠ ውሃ አዘዘላት። ፍልሰታ ሲፈታ ሳሉ ጠፍቶ ነበር። በዚያን ቀን ላቀው ራሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ጡጦውን ዝቅ አድርጎ፣ በጣቱ እየቆጠረ ሲደግም ታየ። ሰባተኛው "አሜን" ላይ ጡጦው አለቀ። ይርገዱ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች።

አያ ሽብሩ ግን ያን ቀን ካራቸውን ሳይጠቀሙበት ይዘው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነበር። ካራቸውን እየገለባበጡ "በዚህ ስንት ጉሮሮ ነካሁ? ስንቱስ በእውነት እንጥሉ ታሞ ነበር?" ሲሉ የሰማቸው አለ።

በጥቅምት አንድ ገበሬ ከወንዝ ማዶ እየሮጠ መጣ። "አያ ሽብሩ፣ ጥጃዬ በሳል አለቀች፤ ካራዎን ይያዙና ይድረሱልኝ!" አላቸው።

"በምንድን ነው የምታጠባት?"

"እናቷ ሞታለች፣ በጡጦ ነው።"

አዛውንቱ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም፤ "እንግዲያው ካራውን ተወውና ሄደህ ጡጦህን ዘቅዝቀህ እየው፤ የጥጃዋን ሳል ጡጦው ይነግርሃል" አሉት።