ከፊቴ ቁረስ

ጥድ አምባ ሄዶ ገበታ የቀረበ እንግዳ መጀመሪያ ማፈሩ አይቀርም። በሌላው አገር ሰው የሚበላው ከየፊቱ ነው፤ ተሻግሮ የሚቆርስ ልጅ እጁን ይመታል፣ አዋቂም ቢሆን «ምን ያለው ስግብግብ ነው» ተብሎ ይታማል። ጥድ አምባ ላይ ግን በመጀመሪያ ውሻው ከቤት ይወጣና በሩ ይገጠማል። ከዚያ ባለቤቱ ከእንግዳው በስተቀኝ ይቀመጥና በግራ እጁ የእንግዳውን የቀኝ እጅ አንጓ ለስለስ አድርጎ ይይዛል፤ ራሱ ተንጠራርቶ ከእንግዳው ፊት ይቆርሳል፣ አላምጦ ይውጣል፣ ሲውጥም ይታያል፤ ቀጥሎ «በል አንተም ከፊቴ ቁረስ» ይላል። ይህን ያላወቀ አንድ የሩቅ አገር ሙሽራ፣ በጨዋ ደንብ ከፊቴ ብቻ እበላለሁ ብሎ እጁን ከአማቱ እጅ ሲያስለቅቅ፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ መብላቱን አቁሞ አፈጠጠበት፤ ሰርጉ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም ይባላል።

ወጣቶቹን ብትጠይቋቸው «የፍቅር ነው» ይሏችኋል። ሽማግሌዎቹ ግን ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ፤ ቀኑ ደግ ከሆነና ጠላው ከወረደ ደግሞ እንዲህ ብለው ያወራሉ።

እንደሚነገረው፣ ጌታ ሁሉ በየአምባው ነጋሪት በሚያስመታበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ የቀበሮ ውኃን ወንዝ ወዲህና ወዲያ የያዙ ሁለት መሳፍንት በአንድ የግጦሽ መሬት ተጣልተው የሰውን ልጅ እንደ ገብስ አሳጨዱት። ማንም ሳያሸንፍ ክረምቱ ገባና ወንዙ ሞላ፤ ሁለቱም ወገን የማረከውን እየነዳ ወደየአገሩ ተመለሰ። ሽማግሌ ገብቶ፣ ለመስቀል ውኃው ሲጎድል ምርኮኛ ራስ በራስ እንዲለዋወጡ ተስማሙ፤ ሕያው የሰጠ ሕያው ይቀበላል፣ ምርኮኛው የሞተበት ወይም ያመለጠው ግን የራሱን ሰው አያገኝም ተባለ። ጥድ አምባን የሚገዛው የወዲህኛው መስፍን እስር ቤት አልነበረውም፣ ለቀለብም ሰሰተ፤ ስለዚህ ምርኮኞቹን ልጃቸው ማዶ ለቀረባቸው ቤቶች አደላቸው። እንግዲህ የልጅህን ነፍስ ራስህ ጠብቅ ማለቱ ነበር።

ጫኔ የሚባለው ምርኮኛ አጎናፍር ቤት የገባው በዚህ መንገድ ነው። አጎናፍር ጉልበቱ የበረታ፣ ሆዱ ግን ቶሎ የሚሸበር ገበሬ ነበር፤ አንድ ልጁ መሸሻ በዚያው ውጊያ ተማርኮ ማዶ ቀርቶበታል። የሚስቱ የየሻረግ ወንድም ላቀው ደግሞ እዚያው ወንዝ ዳር በጦር ተወግቶ ሞቷል። ስለዚህ የሻረግ ደጇ ላይ ያየችው ሰው ባንድ በኩል የልጇ ዋስ፣ ባንድ በኩል የወንድሟ ደመኛ ነበር። ማን ያውቃል፣ የወጋው ራሱ ይሆናል። አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራት።

ቀጥቃጩ የጫኔን ቀኝ እጅ ከአጎናፍር ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት አቆራኘው። ቁራኛ ቀላል ነገር አልነበረም፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይነቃነቃል፣ አንዱ ጓሮ ሲወጣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ጫኔ ሊጎርስ እጁን በሰደደ ቁጥር የአጎናፍር ግራ እጅ ወደ ገበታው አብሮ ይሄድና አብሮ ይመለሳል። እንዲህ ተጣብቀው እየዋሉም አጎናፍር ይህን ሰው አንድም ቀን አላመነውም። ማጭዱን ከጣሪያው ሥር ወሸቀ፤ የምድጃውን ድንጋይ እንኳ ከእጁ አራቀ። ጫኔ ውሻውን በስሙ «አንበሶ» ብሎ መጥራት ሲጀምር፣ «ለምን ያባብለዋል? ሲያመልጥ እንዳይጮኽበት ነው» አለ። ሰውዬው ዝም ሲል እያሰበ ነው፣ ሲስቅ እያዘናጋኝ ነው፣ ሲያቃስት እያስመሰለ ነው ይል ነበር። ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ይነቃል፤ ሳይንኳኳ ሲቀርም ይነቃል።

ክፉው ነገር የመጣው ግን ከሰንሰለቱ ሳይሆን ከጎረቤት ነው። አያ ሠርፄ የሚባሉ፣ ከራሳቸው ጓዳ ይልቅ የሰውን ጓዳ አጥርተው የሚያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ረፋድ አጎናፍርን ወደ አጥሩ ጠሩት። እሱን ሲጠሩ ጫኔም አብሮ እንደሚመጣ ረስተውት ይሁን ንቀውት አይታወቅም፣ ወደ አጎናፍር ቀኝ ጆሮ ጠጋ ብለው ማንሾካሾክ ጀመሩ።

«ታች ሰፈር የነበረው ምርኮኛ እራቱን በልቶ ተኛና ሞተ፤ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ አያ። ተቅማጥ ነው አሉ።»

«ተቅማጥ ይሉታል! የቤቱ እመቤት ባሏ በውጊያው የሞተባት ናት። ቂሟን እወጣለሁ ብላ ልጇን ማዶ አስቀረችው።» ዙሪያቸውን ቃኙ። «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ትናንት የሻረግን እንዶድ በቀሚሷ ቋጥራ ስትመለስ አይቻታለሁ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።»

«እንዶድማ ለልብስ ነው።»

«የቱን ልብስ? በዚህ ዝናብ ማን ልብስ ያጥባል?»

እንዶድ እድፍ ያወጣል፣ አብዝተው ከዋጡት ግን ነፍስም ያወጣል፤ ይህን የማያውቅ የአገር ልጅ የለም። ጫኔም የሰማውን ሰምቶ መሬት መሬት አየ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫኔ በላ ሲሉት የማይበላ ሆነ። እጁ ወደ ገበታው ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ የአጎናፍርም እጅ አብሮ ስለሚሄድ ሰውዬው ጎርሷል ይላል። ሆኖም ሰውዬው እየከሳ፣ ውሻው እየወፈረ ሄደ። አጎናፍር ነገሩ የገባው አንበሶን በሩ አልበቃው ሲል ነው ብለው ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ይስቃሉ፤ ለአጎናፍር ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። የጫኔ አንጓ ከመቅጠኑ የተነሣ ሰንሰለቱ ሊወልቅ ምንም አልቀረውም። ወይ ሰውዬው በረኃብ ይሞታል፣ ወይ እጁን አሾልኮ ይጠፋል፤ በሁለቱም መንገድ መሸሻ አይመጣም።

የሻረግ እንደ ደንቡ ወጡን ስታቀርብ ትቀምሳለች፤ አጎናፍርም ከራሱ ፊት ይበላል። ይህ ለጫኔ ምንም አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ቀትር ላይ የአጎናፍር ትዕግሥት አለቀ።

«ብላ እንጂ ሰውዬ! ልጄን ልትገድልብኝ ነው?»

«አንተን የልጅህ ነፍስ አሳሰበችህ፤ እኔን ደግሞ የራሴ።»

«ውሻው በልቶ መቼ ሞተ?»

«ውሻ ስንቱን በልቶ ያድራል! ደግሞስ ቀስ ብሎ የሚገድልም አለ ይባላል።» ጫኔ ይህን ብሎ ከፊቱ ያለውን እንጀራ በዓይኑ አሳየው። «አንተ ከፊትህ ትበላለህ፤ የኔን ፊት ማን በላው? ደኅና ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ከፊቴ ቁረስ።»

አጎናፍር ቀኝ እጁን ዘረጋ። እጁ ከገበታው መሃል ሲደርስ እንዶዱ ትዝ አለው። የሻረግ ወንድሟን ስታለቅስ «ገዳይህን ቀላቢ ሆንኩልህ» ያለችው ትዝ አለው። እጁ ቆመ። ብዙ አልቆመም ይባላል፤ ትንፋሽ ያህል ነው። ሆኖም ያቺን ትንፋሽ ጫኔ አያት፤ ከምሰሶው አጠገብ ድስት ይዛ የቆመችው የሻረግም አየቻት።

ድስቱን አስቀመጠች። ከተጋቡ ጀምሮ እስከዚያ ቀን ባሏን «አንቱ» እንጂ «አንተ» ብላው አታውቅም ነበር።

«አንተ፣ እኔን ነው?» አለችው።

የሻረግ ከጫኔ አጠገብ ቁጢጥ አለችና ከፊቱ ቆርሳ ጎረሰች፤ ደግማ ጎረሰች። እንባዋ እየወረደ፣ አንዱን ሳትውጥ ሌላውን እያስከተለች፣ በሱ ወገን ያለው ገበታ ባዶውን እስኪቀር በላች። ከዚያ አፏን በመዳፏ ጠርጋ ተናገረች፤ የተናገረችውንም ጥድ አምባ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይዞታል ይባላል።

«እንዶዱ የመሸሻን ኩታ ላጥብበት ነው። ለመስቀል ሲመጣ ነጭ እንዲለብስ፣ ዝናቡ ባረፈ ቁጥር ሳጥብ ሳሰጣ ሰንብቻለሁ። አንተ ግን» አለች ወደ ጫኔ ዞራ፣ «በከንቱ አልጠረጠርከኝም። አስቤዋለሁ። ወንድሜን ቀብሬ ገብቼ፣ አንተ ቤቴ ተቀምጠህ ስትጎርስ ሳይ አስቤዋለሁ። የልጄ ነፍስ ባንተ ላይ ባትንጠለጠል ኖሮ፣ እኔ እንጃ። አሁን ብላ።»

ጫኔን ያሳመነው ይህ ክፉ እውነት ነው ይላሉ፤ ብትምልለት ኖሮ አያምናትም ነበር። እጁን ሰደደ፤ በፊቱ የተረፈ ስላልነበረም ከአጎናፍር ፊት ቆርሶ በላ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እስከ መስቀል በዚሁ ዘለቁ፤ አጎናፍር ከጫኔ ፊት፣ ጫኔ ከአጎናፍር ፊት ይቆርሳል። ተዋደዱ ለማለት አይደለም፤ ማጭዱም ከጣሪያው ሥር አልወረደም። የጫኔ ሥጋ ተመለሰ፣ አንበሶም ወደ ድሮ መልኩ ገባ። የሻረግ ግን ከባሏ ጋር ገበታ መቅረብ ተወች። አቅርባላቸው ጓዳዋ ትገባና ብቻዋን ትበላለች፤ ባሏንም «አንተ» እንዳለችው ቀረች። አጎናፍር ከሰው እጅ ጋር ታስሮ ከከረመበት ክረምት ሁሉ ያቺ ቃል ትከብደው ነበር።

በመስቀል ማግስት ሁለቱም ወገን ወንዙ ዳር ወጣ። የታች ሰፈሯ ሴት ባዶ እጇን ቆማ ነበር፤ ልጇ ከማዶ ሆኖ ያያታል፣ ግን እንዲሻገር አልተፈቀደለትም። አያ ሠርፄ እንኳ ያን ቀን የሚያወሩት አጡ። ቀጥቃጩ ሰንሰለቱን ሲፈታ ጫኔ አንጓውን እያሻሸ አጎናፍርን አየው።

«ለባለቤትህ ንገርልኝ። ወንድሟን ማን እንደወጋው አላውቅም» አለና ወደ ውኃው ገባ። እውነቱን ይሁን አይሁን፣ አጎናፍር እስኪሞት ድረስ አላወቀም።

መሸሻ ከማዶ ተሻግሮ መጣ። አንገቱ ቀጥኗል፤ በቀኝ አንጓው ዙሪያ የሰንሰለቱ ቁስል ጠባሳ ይዟል። የሻረግ ያን የነጣ ኩታ አልብሳ፣ አቅፋ፣ ስማ፣ ቤት አስገብታ ገበታ አቀረበች። ልጁ ተቀመጠ እንጂ አልበላም።

«ብላ እንጂ ልጄ» አለ አጎናፍር።

«እየበላሁ ነው አባ።»

ጉንጩ ከሁለቱም በኩል ጎድጉዷል፤ ዓይኑ ግን ከእናቱ እጅ ላይ አይነሣም። ቆረሰ፣ አጠቀሰ፤ እጁን ግን ወደ አፉ ሳይሆን ከገበታው በታች ሰደደው። አንበሶም የለመደው ነገር ነውና ቀለብ አደረገው።

አባትና እናት ተያዩ። ልጃቸው ማዶ ምን አይቶ እንደመጣ፣ በማን ቤት፣ ከማን ሚስት እጅ እየፈራ እንደከረመ ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም። አጎናፍር ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የሻረግ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ተነሥታ ውሻውን አስወጣችና በሩን ገጠመች። ከልጇ በስተቀኝ ተቀመጠች፤ በግራ እጇ አንጓውን፣ ያንኑ ጠባሳውን ያዘች፤ ከፊቱ ቆርሳ ጎረሰች፣ እያየ ዋጠች።

«ከፊቴ ቁረስ ልጄ» አለችው።

መሸሻ ከፊቷ ቆርሶ ጎረሰ። እያለቀሰ በላ፣ እየበላ አለቀሰ። የሻረግ እጁን አልለቀቀችም። እሷ ራሷ ያን ቀን አላለቀሰችም ይባላል፤ የወለደችው ልጅ የጠረጠራትን እናት ምን እንባ ይበቃታል። ቀና አለችና ከምሰሶው ሥር ወደቆመው ባሏ ዞረች።

«አንቱም ይቅረቡ እንጂ። ከፊቴ ይቁረሱ።»

አጎናፍር ቀረበ፣ እጁን ዘረጋ፣ ቆረሰ። ያን ቀን እጁ መሃል ላይ አልቆመም።

በዚያ ሰሞን ከማዶ የተመለሱት ሁሉ እንደ መሸሻ ነበሩና፣ የየቤቱ እናት ከየሻረግ አይታ እንዲሁ አደረገች፤ ለልጅ የተጀመረው ለዘመድ፣ ለዘመድ የተጀመረው ለእንግዳ ሆነ ይላሉ። ወጣቶቹ «የፍቅር ነው» ሲሉ አልዋሹም። ሆኖም ጥድ አምባ ደርሳችሁ ገበታ ብትቀርቡ፣ የቤቱ ሰው የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲውጥ ጉሮሮውን ታያላችሁ፤ እሱም ማየታችሁን ያያል፣ አይቀየምም። ውሻው ለምን እንደሚወጣም ሽማግሌዎቹ ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነው፤ በጥድ አምባ ቤት ሰው ወይ ይጎርሳል፣ ወይ «ጠርጥሬሃለሁ፣ ከፊቴ ቁረስ» ብሎ በአፉ ይናገራል እንጂ፣ ፍርሃቱን ከገበታ በታች አይቀልብም።