የውሰት ሶፋ

አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ልጇን ስምረትን ኮሌጅ ለማስገባት ለነጻ ትምህርት ድጋፍ አመለከተች። ብዙም ሳይቆይ በስልኳ መልእክት መጣ። "ማስረጃዎ ጎድሏል። ቤተሰቡ ቤቱ ውስጥ ሆኖ የተነሳው ፎቶ በኢንተርኔት ይላክልን" ይላል።

እናትየው ባዶ ቤቷን ለባዕድ ማሳየት ነውር ሆነባት። ከአንዷ ጎረቤት ሶፋ፣ ከሌላዋ ቴሌቪዥን፣ ከሦስተኛዋ የሐበሻ ቀሚስ ተዋሰች።

ስምረት "እማዬ፣ እነሱ እኮ ማየት የፈለጉት ድህነታችንን ነው" ብትላት፣ "ድህነት ፎቶ አይነሳም" ብላ በውሰቱ ዕቃ መሃል የተነሱትን ፎቶ አስላከች።

የድጋፍ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ወንድይፍራው በሳምንቱ አስጠሯት። ከወንበራቸው በላይ፣ በጥቁር ጋዋን ሲመረቁ የተነሱት ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል።

"ይሄ የደሃ ቤት ነው?" አሏት ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዙረው።

"ዕቃው የውሰት ነው ጌታዬ። በማግስቱ መልሻለሁ።"

"እንግዲያው ምረጪ። ያንቺ ከሆነ ሀብታም ነሽ፣ የውሰት ከሆነ አጭበርባሪ ነሽ። በሁለቱም ልጅሽ ድጋፉን አታገኝም።" ይህን ብለው ወንበራቸውን ደገፍ አሉ።

ሴትየዋ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። "ጋዋኑ ያምርብዎታል። አሁንም ቤትዎ አለ?"

"የኪራይ ነዋ። የሁሉም ሰው የኪራይ ነው። በማግስቱ መለስኩት።"

"ትምህርቱንም አብረው መለሱት?"

"ትምህርት እንዴት ይመለሳል? እሱማ የራሴ ነው።"

"ድህነቱም የራሳችን ነው ጌታዬ። ሶፋው ተመልሷል፣ እሱ ግን ቤት አለ፤ መጥተው ይዩት። የእርስዎ ትምህርት ግን ማስረጃ ይጎድለዋል።"