የአያ ጅቦ ሕክምና

አንድ ጊዜ አንበሳ አዲስ ቤተ መንግሥት ላሠራ ብሎ ከወንዝ አሸዋ የሚያመላልሱ አህዮች ቀጠረ። አሠሪ አድርጎ የሾመላቸው ደግሞ አያ ጅቦን ነበር። አህያን ለጅብ አደራ! ንጉሥ ካደረገው ግን ማን ምን ይላል? ደግነቱ፣ አንበሳ አዋጅም አውጇል፦ «በሥራ ላይ የቆሰለን አሠሪው ያሳክም፤ እስኪድንም ጭነት አይጫን፤ ገለባውም አይቀነስ።»

ከአህዮቹ ሁሉ አዋጁን በቃሉ የሚያውቀው ሽማግሌው ቡላ ነበር። ማወቁ ብቻውን ምን ያደርጋል? የራሱ ጀርባ ከተገጠበ ሰንብቷል፤ እሱ ግን ደብቆ ዝም ብሏል። መጀመሪያ ሌላ ይሞክረው እያለ ይጠብቅ ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

አንድ ቀን ዳልቺት የምትባል ወጣት አህያ ከነጭነቷ ተንበረከከች። ጀርባዋ ተልጦ ሥጋው ይታያል።

«ጋሽ ቡላ፣ አልቻልኩም» አለችው።

«ምን ያስለቅስሻል? ሕግ አለልሽ አይደለም እንዴ! ሂጂና ክሰሺ።»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል የለ?»

«ንጉሡን መች ክሰሺ አልኩሽ? ጅቡን ነው እንጂ። አንቺ መንገዱን ክፈቺልን፤ እኛም እንከተልሻለን።»

አመነችውና ሄደች።

በችሎቱ አያ ጅቦ ቁስሉን ሲያይ ምራቁ ተዝረበረበ። «ይሄማ ቁስል አይደለም፤ ይሄማ...» ብሎ ሊዘላብድ ሲል የችሎቱ ጸሐፊ እመት ቀበሮ በክርኗ ጎሸም አደረገችውና ለንጉሡ እጅ ነሣች።

«ንጉሥ ሆይ፣ አሠሪያችን ሕግ አክባሪ ነው፤ ያሳክማታል። ሐኪምም ከሩቅ አንፈልግ። ቁስልን የሚያድን ምላስ አይደለም? ከአያ ጅቦ የሚበልጥ ምላስ ደግሞ ማን አለው?»

አንበሳ ሐሳቡ ያለው ቤተ መንግሥቱ ላይ ነበር። «እንዲህ ከሆነ መልካም፤ አዋጁ ይፈጸም!» አለ።

አህዮቹ መፈረዱን እንጂ እንዴት እንደተፈረደ ልብ አላሉም፤ በደስታ አናፉ። ቡላም አብሯቸው አናፋ።

ከማግስቱ ጀምሮ ጅብ ጠዋት ጠዋት የዳልቺትን ጀርባ ይልስ ጀመር። መዳፍ የማታክለዋ ቁስል ሰፌድ አከለች። በላሰ ቁጥር ቀበሮ ወረቀት ታቀርባለች። «ታክሜያለሁ ብለሽ ሰኮናሽን አሳርፊ፤ ካላሳረፍሽ ገለባ የለም» ትላታለች።

በአምስተኛው ቀን ዳልቺት እየተንገዳገደች ወደ ወንዙ መጣች።

«ጋሽ ቡላ፣ ሲልሰኝ ጥርሱ እየነካኝ ነው። ሆዱ ሲጮኽ እሰማዋለሁ። እርስዎ አዋጁን ያውቁታል፤ አብረውኝ ችሎት ይግቡና ይመስክሩልኝ።»

ቡላ ግራ ቀኙን ተመለከተ። «እኔ እንኳ... ዛሬ ጭነት በዝቶብኛል። ሕክምና መጀመሪያ ላይ ያማል፤ ቻይው» አላት። ይህን ሲል ዓይኗን ማየት አልቻለም። አፈረ፤ ግን አልሄደም።

ብቻዋን ገባች። አንበሳ ወረቀቶቹን አገላብጦ «በየቀኑ ታክመሽ በየቀኑ ሰኮናሽን አሳርፈሻል፤ ምን ጎደለሽ?» ብሎ መለሳት።

በስምንተኛው ቀን ከዳልቺት የተረፈው አራት ሰኮና ነበር። ቀበሮ አንዱን አነሣችና በመጨረሻው ወረቀት ግርጌ አሳረፈችው። ወረቀቱ «ድኛለሁ፤ ወደ አገሬም በፈቃዴ ሄጃለሁ» ይላል።

በሳምንቱ አንበሳ ሥራውን ሊጎበኝ ወደ ወንዙ ወረደ። አህዮቹ ተሰልፈው ቆሙ።

«በሥራ ላይ የቆሰለ አለ? አዋጄ አለለት፤ ይናገር!»

አያ ጅቦ ከንፈሩን እየላሰ ከሰልፉ ዳር ቆሟል። የቡላን ጀርባ ዝንብ ወሮታል፤ ደሙ በሆዱ ተንዠቅዥቆ አሸዋው ላይ ይንጠባጠባል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ደህና ነህ?»

«እጅግ ደህና ነኝ፣ ንጉሥ ሆይ» አለ ቡላ።

«እኛም ደህና ነን!» አሉ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ።

አንበሳ ደስ አለው። በአዋጁ ብርታት በአገሩ ቁስለኛ የሚባል እንደጠፋ ለቀበሮ አስጻፈ።

ከዚህ የምንማረው ሕግ አዋቂው ለተበደለው ካልመሰከረና የሕጉ አፈጻጸም ለበዳዩ ከተተወ፣ መብት ወረቀት ላይ፣ ቁስል ጀርባ ላይ እንደሚቀር ነው።