የመጨረሻው ማሳ

በአንድ ወቅት፣ ደግ ወቅት ነበር ብዬ ግን አልዋሻችሁም፣ ጎርባ የሚባል በመስኖ የሚኖር መንደር ነበረ። የጎርባ ሰዎች ውሃ የሚያካፍላቸውን ዳኛ ራሳቸው ይመርጡ ነበር። የተመረጠው ሰው የራሱን መሬት ትቶ በቦዩ መጨረሻ ያለውን ማሳ ያርሳል። ውሃ እሱ ዘንድ ከደረሰ ለሁሉም ደርሷል ማለት ነዋ።

አገረ ገዥው ይህን አልወደደውም። ዳኛውን አያ ደምሌን በግዞት ሰደደና የራሱን ሹም አስቀመጠ። ሹሙ ማሳውን የመረጠው ከቦዩ ራስ ላይ ነው። ታች ያሉት ሰዎች ልጆቻቸውን ለልመና መላክ ጀመሩ። አያ ደምሌ እዚያው በግዞት ሞተ፤ ሦስት ልጆች ነበሩት።

የበኩሩ ጓንጉል ጠመንጃ አንስቶ ጫካ ገባ፤ ሹሙንም አባረረ። የገዥው ወታደሮች መጥተው ጎተራውን ሁሉ አቃጠሉ። በዚያ ዓመት ረሃብ ብዙ ሰው ተቀበረ፣ የጓንጉልም ልጅ ተቀበረች። ሆኖም ከዚያ ወዲያ ጎርባ ላይ ልሾም የሚል ደፋር ጠፋ። ገዥውም ተናዶ ውሃውን ከላይ ዘጋው።

ሁለተኛው ይመኑ ገዥው ዘንድ ሄዶ ደጅ ጠና። ቢሰድቡትም ቢያባርሩትም ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ ውሃውንም አስከፈተ፣ ዳኛ የመምረጡንም መብት አስመለሰ። ዋጋው ግን የላይኛው ምንጭ ነበር፤ ማንንም ሳይጠይቅ ለገዥው እርሻ ሰጠው። አሁን ቦዩ የሚሞላው ግማሹን ነው።

ታናሻቸው አስካለ ከመንደሩ አልወጣችም። ሹሙ ገና ሳይባረር፣ የተጣላ ሰው ወደ እሱ እንዳይሄድ እያስታረቀች፣ ቦዩን በደቦ እያስጠረገች፣ የተራውን ሥርዓት ከመረሳት አዳነችው። አንዲት መበለት ግን በፍርዷ ተከፍታ ለሹሙ ከሰሰች። አስካለም እሳት እንኳ የሚያስጭራት እንዳይኖር አደረገች። ሴትዮዋ ልጆቿን ይዛ ወጣች፤ የት እንደወደቀች የሚያውቅ የለም። ይህን ስናገር ያመኛል፤ ካልነገርኳችሁ ግን ፍርዳችሁ ይጎድላል።

መንደሩ ዳኛ ሊመርጥ ቦዩ ዳር ሲቀመጥ ሦስቱም ማሳውን ፈለጉ።

ጓንጉል «ልጄን የቀበርኩለት ነው» አለ።

ይመኑ «ያለ እኔ ዛሬ የምትመርጡት ነገር አይኖርም ነበር» አለ።

አስካለም ሕዝቡን «ወንድሞቼ በሌሉበት ማን ሲዳኛችሁ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ክርክሩ ሰነበተ። ያለ ዳኛ ቦይ አይከፈትምና በቆሎው ቆሞ ይደርቅ ጀመር። እናቶች ለዘር ያስቀመጡትን እህል መቁላት ያዙ። ይሄኔ ሽማግሌዎቹ ታከታቸውና፣ እያዘንኩ ነው የምነግራችሁ፣ «ገዥው ይፍረድልን» አሉ። መልእክተኛው በቅሎውን ጭኗል።

እንግዲህ እሱ መንገድ ሳይጀምር እናንተ ተናገሩ፤ የመጨረሻው ማሳ ለማን ይገባል?